የዓርቡን ተወው

«የዓርቡን ተወው» አለ ዓብዱልመጂድ በስልክ። «የረቡዕ ጠዋቱ ይበቃል። ማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ ጥናት አምጡ አለ እንጂ በየትኛው ቀን ይጠና አላለም።»

ናዒማ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጓዳ ውስጥ ነበረች። ፈጢራውን ወደ ሳህኑ ልታወጣ ስትል እጇ ባለበት ቀረ፤ ጠርዙ እያረረ እንኳ አላወጣችውም። ወንድሟ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረም። በዚህ ቤት ከመጋረጃ ወዲያ ያለ ሰው አይሰማም ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ እየሰማች እንዳልሰማች ሆና ኖራለች። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው የሆነ ነገር መለሰ መሰል፣ ዓብዱልመጂድ ሳቅ ብሎ «ወደ አላህ ቤት የመጣ መኪና ይቆጠራል እንዴ?» አለ። ከዚያ በፈረንሳይኛ ሁለት ሦስት ቃል ጨምሮ፣ «ለጁምዓ እኔው መጥቼ እወስድሃለሁ፤ ምሳም እዚሁ እህቴ ቤት ነው» አለና ዘጋው።

ዓርብ ጠዋት እዚህ ቁርስ መብላት ልማዱ ነው። ጋቦዴ ከሚባለው የጅቡቲ ሰፈር አዲስ ቤት ሠርቶ ከገባ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን ካርቲየ 3 ሰፈር ወዳለው የአባታቸው ቤት ይመጣል። ቤቱ በስሙ ነው፤ የምትኖርበት ግን ባሏ ከሞተ ጀምሮ ታላቅ እህቱ ናዒማ ናት። ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሳንቃ ነው። በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ሱቅ አድርጋ፣ ከድሬዳዋ ዘመዶቿ የሚልኩላትን ሽፎንና ለሠርግ የሚሆን ድሪያ ትሸጥበታለች። ከግድግዳው ወዲያ ያለው መርከዙ፣ የእስልምና ማዕከሉ፣ ነው። አባታቸው ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ ጅቡቲ ሲሰነብት፣ ነግዶ ሲያተርፍ፣ ከግቢው ግማሹን ለመስገጃና ለቁርኣን ትምህርት ወቅፍ አድርጎ ሰጠ። ያኔ አንዲት ክፍልና አንድ የውሃ በርሜል ነበር። ዛሬ መስጊድ አለ፣ የልጆች ቁርኣን ቤት አለ፣ ዓርብ ዓርብ ከከተማው ዳር ከባልባላ ሳይቀር የሚመጣ ሰው አለ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ዓብዱልመጂድ ነው። አሁን ደግሞ የቀረውን የመርከዙን ግቢ ይዞ ሕንጻ ሊሠራ ነው፤ ከላይ ሰፊ መስገጃ፣ መሀል ላይ ትምህርት ቤት፣ ለሴቶች የራሳቸው አዳራሽ፣ በመንገዱ በኩል ደግሞ የሚከራዩ ሱቆች።

ናዒማ ይህን ሕንጻ ትፈልገው ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ዓርብ ዓርብ የሚሰግዱት በእሷ ጓሮ፣ ሸራ ሥር፣ ምንጣፍ ላይ ነው። በግንቦት ሙቀት ግንባራቸው ምንጣፉን ሲነካ የምድጃ ያህል ይፋጃል፤ ሸኹ የሚሉትንም የሚሰሙት በግድግዳው ላይ በተሰቀለ፣ እየተንተባተበ በሚናገር ድምፅ ማጉያ ነው። የሴቶቹ አዳራሽ ሲሠራ ለማየት ዱዓ ያላደረገችበት ረመዳን የለም። ነገሩ መንገዱ ነው። የመርከዙ መንገድ ከዋናው አስፋልት ይገባና መጨረሻው ላይ በመጋዘን ግንብ ይደፈናል። የሰፈሩ ሰው «ከረጢቱ» ይለዋል፤ መግቢያውም መውጫውም አንድ አፍ ነውና። ረቡዕ ጠዋት ባዶ ነው፤ ድመት መሀሉ ላይ ተዘርግታ ትተኛበታለች። ዓርብ ግን መኪና ከኋላው መኪና፣ ከጎኑ መኪና እየቆመበት፣ የቤቱ ሰው እንኳ ከደጁ ለመውጣት በጎኑ ይሾልካል። አሁን ግማሹ መኪና ግቢው ውስጥ ይቆማል፤ ግቢው ሕንጻ ከሆነ ደግሞ ያም ወደ መንገዱ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት ከዒድ በኋላ በነበረው ዓርብ፣ ፊት ለፊቷ የሚኖሩት አቶ ዓለምሰገድ ራሳቸውን ሳቱ። ሽማግሌው የባቡር ድርጅት ጡረተኛ ናቸው፤ እነሱና የናዒማ ቤተሰብ ከአባቶቻቸው ጀምሮ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የኖሩ ናቸው፣ አንዱ በፋሲካ አንዱ በዒድ ሳህን እየተለዋወጠ። ሚስታቸው ዘቢደር እየጮኸች ወጣች። አምቡላንሱ መጣ፤ ግን ከከረጢቱ አፍ አላለፈም። ናዒማ ሮጣ የመስጊዱ በር ላይ ደረሰች፤ መኪናቸውን የሚያነሡ ሰዎች እንዲጠሩላት ብትለምን፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው ስብከቱ እንዳይቋረጥ እጁን ዘርግቶ «ኹጥባ ላይ ናቸው፣ ወደ ኋላ!» አላት። የመጀመሪያውን ቦታ ዘግቶ የቆመው ነጩ ላንድክሩዘር የማን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ጎረቤቶች በር ነቅለው ሽማግሌውን በበሩ ላይ አስተኝተው፣ በመኪኖቹ ኮፈን ላይ እየተረማመዱ እስከ አስፋልቱ ተሸከሟቸው። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ግን አልተረፈም። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ዓብዱልመጂድ በማግስቱ አንድ ቅርጫት ሙሉ ማንጎና ሙዝ ላከ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ዓርብ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም፤ እሷም አላነሣችበትም። ሁለቱም ነገሩን በቁርሱ ሳህንና በሻሂው መካከል አስቀምጠው፣ እየዞሩት ሲበሉ ከረሙ።

ፈጢራውን አቀረበችለት። የተቃጠለውን ጠርዝ ቆርሶ ወደ ጎን አደረገው።

«ጥናቱ አለቀ?» አለችው።

«አልቋል። መሐንዲሱ ሙሰዲቅ እሁድ ቢሮ ሲከፈት ያስገባዋል።»

«መንገዱን ምን አለው?»

«ችግር የለበትም አለ።» ማሩን ፈጢራው ላይ፣ በሰው ቤት እንዳለ እንግዳ በጥንቃቄ አፈሰሰ። «ከተማ ውስጥ መንገድ ይጨናነቃል፣ እትዬ። ፓሪስም ይጨናነቃል።»

ናዒማ ሻሂውን ቀዳችለት። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ፣ ነጭ ጀለቢያውን አስተካክሎ፣ ሙሰዲቅንና የገዛ ልጁን ሒክማን ሊያመጣ ወጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ «ሩዙን በዛ አድርጊው፣ ሰዎች ይኖራሉ» አላት።

እንደ ሁልጊዜው የዘቢደርን ድርሻ ፈጢራ ሸፍና መንገዱን ተሻገረች። አቶ ዓለምሰገድ መስኮቱ ሥር አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ በግራ እጃቸው ሰላምታ ሰጧት። ክፍሉ የቪክስና የንጹሕ አንሶላ ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል፣ ከሥሩ ሽማግሌው በወጣትነታቸው በባቡር ሠራተኛ ኮፍያ የተነሡት ፎቶ ተሰቅሏል። ዘቢደር ወለሉን ስትወለውል ነበር፤ በእግሯ ግን በማሰሪያ የጠበቀ የስፖርት ጫማ አጥልቃለች። ናዒማ ዓይኗ ጫማው ላይ ቀረ። ዘቢደር ቤት ውስጥ በባዶ እግሯ የምትሄድ ሴት ናት።

«ዓርብ ዓርብ አላወልቀውም» አለች ዘቢደር፣ የተጠየቀች ይመስል። «ከጠዋት አጥልቄው እስከ አስር ሰዓት። ያኔ ነጠላ ጫማዬ እየተነቀለ ነው ወደ ኋላ የቀረሁት። አሁን ቢያመው እንደዚያ አልሆንም።»

ናዒማ በስልክ የሰማችውን ነገረቻት። ዘቢደር መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሽማግሌውን አንሶላ ጎተት አድርጋ አስተካከለች። ከዚያ «እናንተ ሶላታችሁን አትተዉ፤ እኔም ሰውዬዬን አልተወው። ምን ይደረግ?» አለች። ምሬት አልነበረባትም። ለናዒማ ይህ ከስድብ የባሰ ሆነባት። ብትሰደብ፣ «ወንድምሽ፣ ወገኖችሽ» ብትባል ቤቷ ገብታ ታለቅስ ነበር። ዘቢደር ግን ነገሩን ከበረሃ እንደሚነሣው እንደ ካምሲን ነፋስ ነው የተቀበለችው፤ መጥቶ የሚያልፍ፣ የማይከሰስ፣ ጫማ አጥብቀው የሚጠብቁት። ናዒማ ብድግ አለች። ቤቷ ገብታ ሩዙን አጠበች፣ ሥጋውን ጣደች፣ እሳቱን አሳነሰች፣ ልጅ እግር ሠራተኛዋን እንድትጠብቀው አዘዘች። ከዚያ ከሱቋ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበርና ጥቁር ጃንጥላ አነሣች፤ ወደ ከረጢቱ አፍም ሄዳ ወንበሩን በመንገዱ መሀል አስቀምጣ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው መኪና ፒክአፕ ነበር። ሹፌሩ፣ ከመርከዙ የዘወትር ሰጋጆች አንዱ የሆነ ሱማሌ ነጋዴ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በሱማልኛ ታማ እንደሆነ ጠየቃት። ደህና መሆኗን፣ ዛሬ መኪና እንደማይገባ፣ ሰው ግን በእግሩ እንደሚገባ በዚያው በሱማልኛ ነገረችው። «የት ላቁመው ታዲያ?» ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ያለውን ባዶ ሜዳ አሳየችው። ሰውዬው አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰማዩን አየ፤ ራሱን ነቅንቆ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሁለተኛው ተቆጣ። ሦስተኛው ሳቀ። አራተኛው መኪናውን እዚያው አስፋልቱ ላይ ጥሎ «አሮጊት አብዳለች» እያለ አለፈ። እሷ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነበራት፦ «በእግርህ ግባ፣ ልጄ። ዱዓህ ላይ አትርሳኝ።» ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል፤ ከሩቅ ለሚያይ ግን የሚታየው ጃንጥላው ብቻ ነው።

ዘቢደር የእንጨት ዱካዋን ይዛ መጣች። ከጎኗ አስቀምጣ ልትቀመጥ ስትል ናዒማ ክንዷን ያዘቻት።

«አይሆንም። ቤትሽ ግቢ።»

«የኔን ባል ነው እኮ የተሸከሙት።»

«ስለዚህ ነው። አንቺ እዚህ ከተቀመጥሽ ማታ ወሬው ሌላ ይሆናል። ክርስቲያኗ የሙስሊሞቹን መስጊድ ዘጋች ይላሉ። እኔ ስቀመጥ ግን ምን ይላሉ? የሐጂ ልጅ የአባቷን ደጅ ጠረገች። እኔ ልሰደብ፣ የእኔ ስድብ የቤት ውስጥ ነው።»

ዘቢደር ትንሽ ቆመች። ዱካዋን አነሣች፤ ግን ሩቅ አልሄደችም። ደጇ ላይ፣ ጫማዋ እንደታሰረ፣ ቆማ ማየት ጀመረች።

የመጀመሪያው አዛን ሊባል ሲል መኪኖቹ በዙ። ከከረጢቱ አፍ እስከ አስፋልቱ ተሰለፉ፤ የአስፋልቱ ሰልፍም ተራው ደርሶት ቆመ። ሚኒባሶች ክላክስ ያደርጋሉ። ጫት ሊቀበሉ የሚሮጡ መኪኖች በጎን ሊያልፉ ይሞክሩና ይጣበቃሉ። በዚህ መሀል አንዲት አረንጓዴና ነጭ ታክሲ፣ መኪኖቹ ጥግ እየያዙላት፣ ስትጮህ መጣች፤ ከኋላ ከሆስፒታል የምትመለስ አራስ፣ አጠገቧ እናቷ አሉ። አራሷ የዚሁ መንገድ ነዋሪ ናት። ናዒማ ተነሣች፣ ወንበሩን በገዛ እጇ አንሥታ ወደ ጎን አደረገች። ታክሲዋ ባዶውን መንገድ ገብታ አራሷን ከደጇ አውርዳ፣ መጋዘኑ ጋ በሰላም ዞራ ወጣች። ዓርብ በሶላት ሰዓት ታክሲ ከረጢቱ ውስጥ ሲዞር የሰፈሩ ሰው አይቶ አያውቅም። ከየበሩ ብቅ ብቅ አሉ። ናዒማ ወንበሯን መለሰችና ተቀመጠች።

ቀና ስትል ታክሲዋ በወጣችበት በኩል የገባው ነጩ ላንድክሩዘር ፊቷ ቆሟል። አፍንጫው ጉልበቷን ሊነካ የቀረው አንድ ክንድ ነው። ዓብዱልመጂድ ክላክስ አላደረገም። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ከፊት ወንበር ላይ ሙሰዲቅ አለ፤ መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙ ገና ያልተጨማደደ ወጣት መሐንዲስ። ከኋላ የወንድሟ ልጅ ሒክማ ተቀምጣለች፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር፣ ከአባቷ ጋር ብዙም የማትነጋገር ልጅ።

«እትዬ» አለ ዓብዱልመጂድ ጥርሱን ነክሶ። «ሰው እያየ ነው። ተነሺ።»

«አልነሣም።»

«የአላህን ቤት ነው የዘጋሽው!»

«የአላህ ቤት በሩ ክፍት ነው፤ እግር ያለው ሁሉ ይግባ። የዘጋሁት መኪናህን ነው።»

ሰው ተሰበሰበ። ሐጂ አባታቸውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ስልካቸውን አውጥተው የሚቀርጹም ነበሩ። ዓብዱልመጂድ ዝቅ ብሎ ጆሮዋ ሥር፣ በልጅነታቸው ቤት ውስጥ በሚያወሩት ቅላጼ፣ «ምን አድርጌሽ ነው?» አላት። ድምፁ ለአፍታ የትንሽ ወንድሟ ድምፅ ሆነ፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ። ልቧ ሊራራ ደረሰ። ቀና ብላ ግን ሁሉም እንዲሰማ ተናገረች።

«ጋሼ ዓለምሰገድን በበር ላይ ስናወጣቸው ፊት የቆመው ይሄው መኪና ነው። በሩ ላይ ቆሜ አስጠርቼህ ነበር፤ አላስገቡኝም። ማንጎ ላክህ። ዛሬ ደግሞ የዓርቡን ተወው ስትል ሰማሁህ። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሣት ሰደቃ ነው ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። እንቅፋቱ ራሳችን ስንሆንስ? ያን ጊዜ አይቆጠርም?»

ዓብዱልመጂድ ፊቱ ጠቆረ። ናዒማ ከእሱ አልፋ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ወጣት አየች። «አንተ ነህ መሐንዲሱ? እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ። ረቡዕ መጥተህ ነበር አሉ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ውረድና እይ።»

ሙሰዲቅ ወደ ዓብዱልመጂድ አየ። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ይጮሃል። የኋላው በር ተከፈተና ሒክማ ወረደች። አባቷን አላየችውም። ሻሿን አስተካክላ ሄዳ አክስቷ አጠገብ፣ አስፋልቱ ላይ ቆመች፤ ጃንጥላውን ከእጇ ተቀብላ ያዘችላት። ያኔ ሙሰዲቅም በሩን ከፍቶ ወረደ። በሁለት በኩል አየ፤ ወደ ውስጥ ባዶውን መንገድ፣ ወደ ውጭ የታጨቀውን አስፋልት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

ሸኹ በዚያ ሰዓት በእግራቸው ደረሱ፤ እሳቸው መኪናም የላቸው። ነገሩን አንድ ጊዜ ቃኙትና፣ ዓብዱልመጂድን ትከሻውን መታ አድርገው «ሶላት ደርሷል። መኪናህን አርቀህ ና፣ ትደርሳለህ» አሉት። ከዚያ ናዒማን «አሰላሙ ዓለይኪ» ብለው በወንበሯ ጎን አለፉ። ሌላው ሰውም ተከተላቸው። ዓብዱልመጂድ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ከኋላው ያሉት አንድ በአንድ እስኪያፈገፍጉለት ጠብቆ፣ ወደ ኋላ እየነዳ ወጣ። ኹጥባው መሀል ላይ ሲመለስ ጀለቢያው ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበር። የፊቱ ሰልፍ ሞልቶ ስለነበር ጫማ ማውለቂያው አጠገብ፣ የቁርኣን ቤት ልጆች መሀል ሰገደ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሳሎን ውስጥ ዓብዱልመጂድና ሙሰዲቅ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ይመጣሉ የተባሉት የኮሚቴ ሰዎች ሁሉም ሰበብ አግኝተዋል። ናዒማ ሩዙን አስገብታ ወጣች። ጓሮው ውስጥ ሴቶቹ ሰግደው እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ዓርብ ዓርብ እሷ ቤት ትንሽ ቀምሰው ነው የሚበተኑት። ናዒማ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ሙሰዲቅ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የዓርቡንም ጥናቱ ውስጥ ማስገባት እንዳለበት ተናገረ። መንገዱ አንድ አፍ ብቻ ስላለው ግቢው በከፊል ክፍት ካልቀረ፣ መኪናው ሁሉ ሌላ ቦታ ካልቆመ፣ አምቡላንስ አይገባም አለ።

«ለማን ነው የምትሠራው አንተ?» አለ ዓብዱልመጂድ።

«ለእርስዎ ነው። የምፈርመው ግን በስሜ ነው።»

ሲናገር ዓብዱልመጂድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር፤ በዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መጋረጃው ወዲያ ያለ ሰው እንዲሰማው ፈልጎ። «እሺ። ግቢው ክፍት ይሁን። እንግዲያው ቦታው አይበቃም፤ የሆነ ነገር መቅረት አለበት። የሴቶቹ አዳራሽ ይቀራል።»

ናዒማ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«ምንም እንዳትዪኝ» አለ ወንድሟ ሳያያት። «አንቺ ነሽ ያመጣሽው። ለሴቶቹ አንቺው ንገሪያቸው።»

ምን ያህል ጊዜ አብራቸው ዱዓ እንዳደረገች ያውቃል። ቢላውን የት እንደሚሰካ ያውቅ ነበር። ናዒማ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ያላሰበችው ይህን ነበር፦ ወንድሟ ዋጋውን ሌላ ሰው እንዲከፍል እንደሚያደርግ፣ ያም ሰው በግንቦት ፀሐይ ሸራ ሥር የሚሰግዱት ሴቶች እንደሚሆኑ። አንድ አፍታ፣ አንድ አፍታ ብቻ፣ «እሺ ይቅር፣ እንዳልክ ይሁን» ልትል ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ። ከዚያ የጓሮውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አልነግራቸውም» አለች። «ቃሉ ያንተ ነው። ና፣ ራስህ ንገራቸው።»

ሴቶቹ በሩ ሲከፈት ዞሩ። እምቢ ብሎ እንዳይቀመጥ ሁሉም አይተውታል። ዓብዱልመጂድ ተነሥቶ ደፉ ላይ ቆመ። ሙቀቱ ከሸራው ሥር እንደ እንፋሎት ፊቱን መታው፤ ዓርብ በዚህ ሰዓት ጓሮው ገብቶ አያውቅም። ምንጣፉ ላይ፣ ፎጣ በውሃ ነክረው ራሳቸው ላይ የጣሉ አሮጊቶች፣ ልጅ የሚያጠቡ፣ በካርቶን የሚያራግቡ ሴቶች አሉ። ሒክማ በመሀላቸው ሳህን እያደለች ነበር፤ ቀና ብላ አባቷን አየችው፣ ዓይኗንም ከእሱ ላይ አልነቀለችም። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት እማማ ሀጀራ፣ ዓይናቸው በደንብ የማያይ፣ «ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሲነገራቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ዓብዱልመጂድ? የሐጂ ልጅ? አላህ ዕድሜህን ያርዝመው! አዳራሹን ልታሠራልን ነው አሉ። እኔ እንኳ አልደርስበትም፤ ልጆቼ ይሰግዱበታል። አላህ በጀነት ቤት ይሥራልህ!»

«አሚን!» አሉ ሴቶቹ።

ዓብዱልመጂድ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። እህቱን ዞሮ አየ፤ እሷ ግን ልትረዳው ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም። የድምፅ ማጉያው ግድግዳው ላይ ኩርር ይላል።

«ሱቆቹ...» አለ በመጨረሻ። «በመንገዱ በኩል ልንሠራቸው ያሰብናቸው ሱቆች ይቀራሉ። ቦታው ለመኪና መግቢያ ይሆናል። የእናንተ... የእናንተ እንዳለ ነው።»

እልልታው ግንቡን አልፎ መርከዙ ድረስ ተሰማ። ዓብዱልመጂድ በሩን ዘግቶ ወደ ሳሎን ተመለሰ፤ ሙሰዲቅን በፈረንሳይኛ አሰናበተው። ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ «ይህ ቤት በስሜ እንደሆነ ታውቂያለሽ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ነገ ውጪ ብልሽስ?»

«እወጣለሁ። ዘቢደር ጋ ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጥፋለሁ። ሱቆቹን መልሰህ ከሠራሃቸው፣ ወይ አንድ ዓርብ መኪናህ ከረጢቱ ውስጥ ከታየ፣ ከዚያም ሆኜ ወንበሬን ይዤ ለመውጣት ሩቅ አይደለም።»

«አባባ ቢያይሽ» አለ። እሷም ይህንን የጠበቀች ትመስል፣ ዝግ ብላ፣ «አባባ ቢያይህ» አለችው።

ወጣ። ናዒማ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ አንዱ ወድቆ ተሰበረ። የጫት ሰዓት ስለሆነ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ወደ ደጇ ወጥታ ቆመች። ሒክማ ተከትላት መጣችና ትከሻዋን ተደገፈቻት።

«አባዬ ለወር አያናግርሽም» አለች።

«አውቃለሁ።»

መኪናው ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ያለው ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ዓብዱልመጂድ በመንገዱ መሀል ብቻውን ይሄድ ነበር፤ ፀሐይ አናቱ ላይ፣ ጥላ የለው፣ ጀለቢያውን በአንድ እጁ ሰብስቦ። ከኋላው ሲያዩት ጎበጥ ብሏል። መቼ እንዲህ እንዳረጀ ናዒማ አላስተዋለችም። ጃንጥላውን ከደጁ አጠገብ አንሥታ ይዛ ነበር። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ስሙ፣ የልጅነት ስሙ፣ ምላሷ ላይ ደረሰ። ከዚያ መልሳ ዋጠችው።

ይሂድ። መንገዱን እግሩ ይወቀው።